ቀስቱን ወደ ፊትህ

ክሊኒኩ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር የተከለከለበት ኮሪደር አለ። ነርሷ ከዚያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳትቆጥብ፣ «እባካችሁ፣ ከመሃላችሁ የንዝረት መሐንዲስ አለ?» አለች።

አውሮፕላን ውስጥ ሐኪም ሲፈለግ እንዲህ ይጠራል። የንዝረት መሐንዲስ ግን እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ባለትዳሮች አዲስ ምርመራ የተጨመረባቸው መስሏቸው ተያዩ። አንዱ ባል ለሚስቱ፣ «እሱንም ስጡ ይሉን ይሆን?» ሲላት፣ ጥግ ላይ በእናቷና በእህቷ ባል መሃል የተቀመጠች ወጣት እጇን አነሳች፤ መልሱን በደንብ እንደማታውቅ ተማሪ፣ እስከ ጆሮዋ ብቻ።

«አንቺ ነሽ? ድርጅታችሁ ጋ ደውለን ‹ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት፣ እናንተው ዘንድ ተቀምጣለች› አሉን። ነይ፣ ቶሎ!»

መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ «ንዝንዝ» ይላታል። «ንዝረት በሚያጠፉ ማሽኖች ላይ ልሠራ ነው» ብላ ሥራ የያዘች ዕለት ታላቅ እህቷ፣ «ንዝንዝ ነው ያልሽው? እሱንማ ከልጅነትሽ ጀምሮ በነፃ ትሠሪው ነበር» አለቻት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ያቺ ታላቅ እህት፣ ንዝንዝ «እታለም» የምትላት፣ አሁን ከሁለት በር ወዲያ ማደንዘዣው ሳይለቃት ተኝታለች። ጠዋት ሐኪሙ ከእታለም አራት እንቁላል አውጥቷል። ከማውጣቱ በፊት ደግሞ መነጽሩን አውልቆ፣ ሐኪሞች ደስ ለማይል ነገር ብቻ በሚያስቀምጡት ለስላሳ ድምፅ፣ «ከዚህ በኋላ ሰውነትሽን አናስቸግረውም፤ ይሄ የመጨረሻው ነው» ብሏታል። አራቱ እንቁላሎች ኢንኩቤተር ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ። የቀትሩ ሰዓት ብዙ ሳይገፋ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከፀጉር በቀጠነ መርፌ የባልየው ዘር መግባት አለበት። ከገፋ ያረጃሉ፤ ካረጁ በኋላ መርፌም ዘርም ምንም አያደርግላቸውም።

እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። «የት ነው የሚወስዱሽ? ልጄ ምን ሆነች?»

«እሷ ደህና ናት እማ። ጠረጴዛ ነው የተበላሸው።»

«ለጠረጴዛ አናጢ አይጠሩም?»

የእህቷ ባል ጠዋት ድርሻው ተቀባይነት ካገኘ ወዲህ፣ ፈተና ጨርሶ ወረቀቱን እንዳስረከበ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የተቀመጠው።

ላብራቶሪው ጠባብ፣ ሞቃትና ደብዘዝ ያለ ነው፤ እንቁላል ብርሃን አይወድም። መሃል ላይ ማይክሮስኮፕ ቆሟል፤ ከማይክሮስኮፑ ሥር ደግሞ ንዝንዝ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀው ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አለ። ይህን ጠረጴዛ ድርጅቷ ከተከለው ገና ጥቂት ወሩ ነው። እታለምን ወደዚህ ክሊኒክ ያመጣቻትም እሷ ናት፤ «እዚያ ያለውን ጠረጴዛ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ መርፌያቸው ንቅንቅ አትልም» ብላ። የጠረጴዛው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉ ሴንሰሮች መንቀጥቀጡን ያዳምጣሉ፤ ከጎናቸው ያሉ ትናንሽ ሞተሮች በተቃራኒው ይገፋሉ። ንዝረቱ ወደ ቀኝ ሲል እነሱ ወደ ግራ፣ ወደ ፊት ሲል እነሱ ወደ ኋላ። በክሊኒኩ ውስጥ ተቃወም ተብሎ የተቀጠረ ብቸኛ ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ግን ያጉረመርማል። የተኛ ውሻ በሕልሙ እንደሚያጉረመርመው፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ። በስክሪኑ ላይ የመርፌዋ ጫፍ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች።

ማይክሮስኮፑ ፊት የተቀመጠችው ሴት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የእንቁላሉን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ባለመርፌዋ ይላታል። ቃል የምታወጣው ሲያስፈልግ ነው፤ እሱም ቢሆን ተመጥኖ።

«ያንቺ እህት ናት አሉኝ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንድትቸኩዪ አልነግርሽም።»

«መቼ ጀመረው?»

«ትናንት ከሥራ ስወጣ ደህና ነበር። ጠዋት እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።» ይህን ስትል ወደ መስታወቱ ግድግዳ አላየችም። አለማየቷ ግን ከማየት የባሰ ነበር።

ከመስታወቱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። ሰውየው ክሊኒኩን የሚወደው ከፊት ለፊት በኩል ነው፤ እንግዳ የሚያየውን ያህል። የመቀበያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል ውሃ የሚወርድበት ፏፏቴ አሠርቷል፤ ከሥሩ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ አለ። የምን ደረጃ እንደሆነ አልተጻፈም። ላብራቶሪውንም በመስታወት ያስከፈተው እሱ ነው፣ እንግዳ ቆሞ እንዲያየው። አሁን የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ «እንኳን ደህና መጡ!» አለ፣ ሪባን ልትቆርጥ የመጣች ይመስል።

«ጠረጴዛውን ማን ነካው?» አለች ንዝንዝ።

«ማንም! ማለቴ፣ ከእኔ በቀር ማንም። እኔም ነካሁት አይባልም፣ ለእንግዶች አሳየሁት እንጂ። ትናንት አዲሱን የአየር ማጣሪያ ስናስመርቅ...»

«ምኑን ተጫኑ?»

«‹ሁሉንም አስተካክል› የሚለውን። ሁሉንም ማስተካከል ምን ክፋት አለው?»

ያ ቁልፍ፣ ጠረጴዛው በተተከለበት ዕለት በእጅ የገቡትን ቁጥሮች በሙሉ ሰርዞ የፋብሪካውን ይመልሳል። ፋብሪካው ደግሞ ይህንን ክፍል አይቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረገች፤ ብረቱን የሚነካ ነገር እንዳለ በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች። አንድ ኬብል ተወጥሮ ከግድግዳው ጋር ታስሯል፤ ፈታችው። ማጉረምረሙ አልቀነሰም። ቀጥላ የሞተሮቹን ጉልበት በሁሉም አቅጣጫ ወደ ታች አወረደችው። ጠረጴዛው ዝም አለ።

«ተገላገልን!» አለ ማጉያው።

ባለመርፌዋ በዓይኗ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። ድምፁ ይጥፋ እንጂ የመርፌዋ ጫፍ ትንቀጠቀጣለች፤ ያሁኑ ከራሱ ከሕንፃው የሚመጣ ነው። ንዝንዝ ጎንበስ ብላ መዳፏን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ድግ፣ ድግ፣ ድግ የሚል ነገር ይሰማታል። አገኘሁት አለች።

«ፏፏቴው ነው! የፏፏቴው ፓምፕ! ያጥፉልኝ!»

«ፏፏቴውን?» የሥራ አስኪያጁ ፊት ወየበ። «እንግዶቹ እኮ ዛሬም ይመጣሉ።»

«ለትንሽ ጊዜ ይረፍ።»

«የሚያርፍ ከሆነ ምኑን ፏፏቴ ሆነ?»

«ጌታዬ፣» አለች ባለመርፌዋ፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል፣ «በሽተኛዋ ስትነቃ ይህን የነገሩኝን እርስዎ ይነግሯታል?»

ሰውየው ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ድግድግታው ቆመ። ንዝንዝ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ወደ ስክሪኑ ዞረች። የመርፌዋ ጫፍ ከቅድሙ ትንሽ ብትሻልም አሁንም ትንቀጠቀጣለች። ፈገግታዋን ባዘጋጀችበት ቦታ ትታው ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ከጣሪያው በላይ፣ ትናንት የተመረቀው የአየር ማጣሪያ እንደ ትልቅ መኪና ይተነፍሳል።

«እሱስ ይጠፋል?»

«እሱ ከጠፋ ኢንኩቤተሩን አልከፍተውም» አለች ባለመርፌዋ። «ቆሻሻ አየር አንዴ ካገኛቸው ብንወጋቸውም ባንወጋቸውም ያው ነው። አሮጌው ማጣሪያ ደግሞ ተነቅሎ ወጥቷል።»

ስለዚህ ሕንፃውን ዝም ማሰኘት አልተቻለም። ጠረጴዛው ራሱ መሥራት አለበት።

ንዝንዝ ጉልበቱን እንደገና ከፍ አደረገችና፣ ማጉረምረሙ ሳይጀምር አንድ ጣቷን በብረቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ዛሬ የመጣችው እንደ ታናሽ እህት ነው፤ መሣሪያዎቿ ቢሮ ናቸው፤ ያላት ጣቷ ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች ጫን አደረገችው። ጠረጴዛው እንቢ አለ፤ የበቅሎ እንቢታ። ከቀኝ ወደ ግራ ገፋችው። እንቢ። ከፊት ወደ ኋላ ገፋችው።

ጠረጴዛው እሺ አለ።

እሺ ብቻ አይደለም፤ ከገፋችው በላይ ሄደላት። «ልክ ነዎት፣ እንዲያውም ትንሽ እንጨምርበት» የሚል ዓይነት አካሄድ ነበር። ንዝንዝ ይህን ጠባይ ከስብሰባ አዳራሽ ታውቀዋለች፤ ከብረት ግን አልጠበቀችውም።

«ምን አገኘሽ?»

«ከፊት ወደ ኋላ ያለው አይቃወምም። ይደግፋል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ በዚያ በኩል ያለው ሴንሰር ተገልብጦ ተገጥሞ ፊቱን ኋላ፣ ኋላውን ፊት እያለ ይዋሻል። ወይ ደግሞ ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሮ ሞተሩ ዘግይቶ ነው የሚገፋው። ዘግይቶ የሚቃወም ከደጋፊ አይለይም።»

«መድኃኒታቸው አንድ ነው?»

«አይደለም። ከተገለበጠ እዚህ ጋ ያለውን የመደመር ምልክት መቀነስ አደርገዋለሁ፤ አለቀ። ከዘገየ ግን ምልክቱን መለወጥ ያሳብደዋል። ይዘላል።»

«ይዘላል ስትዪ?»

«መርፌሽን ይሰብራታል። ማይክሮስኮፑንም ከቦታው ያናጋዋል።»

ባለመርፌዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ከጭኗ አነሳች። «ያን እንደገና ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ የለንም። ጉልበቱን ዝቅ አድርገሽ ብትሞክሪውስ?»

«ዝቅ ሲል በማጣሪያው መንቀጥቀጥ ውስጥ ልዩነቱ አይታየኝም። የሚታየኝ ከፍ ሲል ነው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ከዘለለ ዘለለ።»

«ሴንሰሩን ገልጠሽ እይው።»

«ለመግለጥ ማይክሮስኮፑ መነሳት አለበት።»

ኢንኩቤተሩ በትንሽ አረንጓዴ መብራት ያያቸዋል።

ሴንሰሩን በእጁ የገጠመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በድርጅቱ ጋሼ ብሎን የሚባለው ተካይ። ንዝንዝ ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፈተችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ጠራ። ጠራ። ሦስተኛው ላይ፣ ከመዶሻ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣

«ሃሎ አለቃ! ፈቃድ ላይ አይደለሽም እንዴ?»

«ጋሼ፣ የክሊኒኩን ጠረጴዛ ታስታውሰዋለህ?»

«የቱን? ግድግዳው የሚያለቅሰውን ቤት?»

«እሱን። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ሴንሰር ስትገጥመው ቀስቱን ወዴት አደረግኸው?» ሴንሰሩ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ተሥሏል፤ እሱ ወዴት እንደሚያይ ነው ጉዳዩ።

«እንዳልሽኝ ነዋ።»

«ምን አልኩህ?»

«‹ወደ ፊትህ አድርገው› አልሽኝ። ወደ ፊቴ አደረግሁት።»

ንዝንዝ መደርደሪያውን ያዘች። «ወደ ፊትህ ማለት ወዴት ነው ጋሼ?»

«ወደ ፊቴ! አፍንጫዬ ወዳለበት!»

«ለታክሲ ሹፌር ‹ወደ ፊትህ ንዳ› ብትለው ወደ አፍንጫው ነው የሚነዳው?»

«እኔ ታክሲ ነኝ? ሰው ዕቃ በእጁ ይዞ ‹ወደ ፊትህ› ሲባል ወደ ፊቱ ነው የሚያዞረው። መስታወት ወደ ፊትሽ አድርጊ ብልሽ መልክሽን ለግድግዳው ታሳዪዋለሽ?»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤» አለች ባለመርፌዋ፣ «እንቁላሎቹ ግን አማርኛ አይችሉም። ይጠብቃሉ እንጂ አይታገሡም።»

«ማናት?» አለ ስልኩ።

«ተወው ጋሼ። አሁን በደንብ ስማኝ። ስትገጥመው የት ነበር የቆምከው? ከጠረጴዛው ፊት ወይስ ከጀርባው?»

«ፊት ለፊቱ።»

«የቱ ነው ፊቱ?»

«እኔ ያለሁበት ነዋ!»

ንዝንዝ ስልኩን አንስታ ልትወረውረው ፈለገች፤ ፍላጎቷን ወደ ጣቶቿ ወስዳ መደርደሪያውን ጨመቀችው። ጋሼ ብሎን ከጀርባ በኩል ቆሞ ከሆነ፣ ወደ ፊቱ ያዞረው ቀስት በትክክለኛው አቅጣጫ ነው ያለው፤ ያን ጊዜ ምልክቱን መንካት እብደት ነው። ከቁልፎቹ በኩል ቆሞ ከሆነ ግን ቀስቱ ተገልብጧል። የእህቷ ጉዳይ አንድ ሰውዬ ከወራት በፊት የት እንደቆመ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ በናትህ፣ ተረጋጋና አስብ። ማብሪያውና ቁልፎቹ ካንተ በኩል ነበሩ ወይስ ከማዶ?»

መዶሻው ቆመ።

«እውነቱን ልንገርሽ አለቃ? አላስታውስም።»

ባለመርፌዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ክፍሉ ደብዛዛ ነበር፤» አለ ጋሼ ብሎን፣ ከራሱ ጋር እንደሚጨቃጨቅ ሰው፣ «መብራት ክልክል ነው አሉኝ። እኔ የማስታውሰው እሱ አጋንንት የያዘው ነገር ሲጫወትብኝ ነው።»

«የምን አጋንንት?»

«ብሎን ላጠብቅ ጎንበስ ስል ጠረጴዛው ይጠፋል። ደግሜ ጎንበስ ስል ይበራል። እንደገና ጎንበስ፣ ጥፍት! ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ነበር እኮ። በኋላ እጄን ብሰድ... ሆዴ ነው።»

«ሆድህ ምን ሆነ?»

«ሆዴ ነዋ ማብሪያውን የሚጫነው! ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይደገፍበታል። ሳቅ ገደለኝ፣ ብቻዬን...»

ንዝንዝ እሷም ወደ ሳቅ የሚጠጋ አንድ ነገር ከጉሮሮዋ አወጣች። ማብሪያው ሆዱ ጋ ከነበረ የቆመው በቁልፎቹ በኩል ነው። በቁልፎቹ በኩል ቆሞ ቀስቱን ወደ ፊቱ ካዞረ ቀስቱ ተገልብጧል። ሰው ይረሳል፤ ሆድ ግን የት እንደነበረ ይመሰክራል።

«ሆድህ ይባረክ ጋሼ! ግን ያኔ አላጉረመረመብህም?»

«አጉረመረመ እንጂ። ያንን አቅጣጫ ዜሮ አደረግሁትና ዝም አለ።»

ትናንት የተሰረዘው ያ ዜሮ ነው፤ ከአዲሱ ማጣሪያ ጋር ግን ዜሮው ብቻውን አይበቃም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ስደውልልሽ እያለቀስሽ ነበር። የእህትሽ ነገር ያን ቀን... ያው ታውቂዋለሽ። ለአንድ ጠረጴዛ ብዬ ላስጨንቅሽ? ስትረጋጋ እነግራታለሁ አልኩ፤ በዚያው ሸሸኝ።»

ንዝንዝ አስታወሰች። ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ኮሪደር። የፊተኛው ሙከራ ያልሆነበት ቀን ነው። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ንዝንዝ በአንድ እጇ የእሷን ትከሻ ይዛ በሌላው ስልኩን፣ «ወደ ፊትህ ጋሼ፣ በቃ ወደ ፊትህ አድርገው» ብላ የዘጋችው። የትኛው ፊት እንደሆነ ለማሰብ ፊቷን የምታነሳበት አቅም አልነበራትም።

«እሺ ጋሼ። እደውልልሃለሁ።»

«ተሳካ እንዴ?»

«ገና ነው።»

ምልክቱን ለወጠች። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ጉልበት ከዜሮ ጀምራ በአንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። በእያንዳንዱ ቁጥር እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በመጀመሪያዎቹ ምንም አልታየም። መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ማጣሪያው ይተነፍሳል፣ ባለመርፌዋ አትተነፍስም። አንድ ጨመረች። ደግማ ጨመረች። አሁን ወይ ይዘላል ወይ...

የመርፌዋ ጫፍ ጠበበች። ደብዛዛ ብሩሽ የነበረው ነገር መስመር ሆነ፤ መስመሩ ጠርዝ አወጣ። ንዝንዝ ጣቷን ሰዳ ከፊት ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ጠረጴዛው እንቢ አለ። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት እንቢታ የለም።

«ጨምሪበት» አለች ባለመርፌዋ።

ጨመረች። አሁን ቀጭን ፉጨት ከብረቱ ወጣ፤ ድንበሩ እዚያ ነው ማለት ነው። ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ፉጨቱ ጠፋ፤ መርፌዋም ሥዕል ላይ የተሣለች መሰለች።

ባለመርፌዋ ለረጅም ጊዜ በማይክሮስኮፑ አየች። ከዚያ «ከዚህ እንዳትሄጂ፤ እጅሽ ማጥፊያው ላይ ይሁን» ብላ ኢንኩቤተሩን ከፈተች።

የመጀመሪያው እንቁላል በስክሪኑ ላይ ክብ ሆኖ ታየ፤ ዙሪያው እንደ ጭጋግ ስስ። ንዝንዝ ከእህቷ ውስጥ የወጣ ነገር እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም። መርፌዋ ቀረበች፣ ገፋች፣ የእንቁላሉ ግድግዳ ወደ ውስጥ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ከዚያ ፈቀደ። ወጣች። ሁለተኛው። እሱም ፈቀደ።

ሦስተኛው ላይ መርፌዋ ገና እንደገባች ንዝንዝ በጫማዋ ሶል አንድ ነገር ተሰማት። ድግ። ድግ።

ቀና አለች። ከመስታወቱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሱፍ የለበሱ እንግዶችን አስከትሎ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ፏፏቴውን አስከፍቶታል።

ባለመርፌዋ አልሰማችም ወይም እንድትሰማ አልፈቀደችም። መርፌዋ እንቁላሉ ውስጥ ናት። የንዝንዝ ጣት ማጥፊያው ላይ ነው፤ ብትጫነው ጠረጴዛው ሥራውን ያቆማል፣ ባትጫነውና ቢዘል ደግሞ... በጠረጴዛው ትንሽ ስክሪን ላይ የወለሉን ንዝረት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ተተኮሰ። ከሱ በታች ያለው፣ የብረቱ የራሱ መስመር፣ እንደተዘረጋ ክር ቀጥ ብሎ ቀረ። ሕንፃው ያለውን ሁሉ ሲል ጠረጴዛው በእያንዳንዱ ላይ እንቢ፣ እንቢ፣ እንቢ ይላል። ንዝንዝ ጣቷን ሳትጫን ያዘችው። ጡንቻዋ እስኪያማት ያዘችው።

መርፌዋ ወጣች። እንቁላሉ ተመልሶ ክብ ሆነ።

ማጉያው ጮኸ፤ «ክቡራን፣ እዚህ የምታዩት ዓለም አቀፍ...»

ንዝንዝ በነፃ እጇ የማጉያውን ሽቦ ነቀለችው። ከመስታወቱ ማዶ የሥራ አስኪያጁ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ድምፅ የለም። አራተኛውን በጸጥታ ወጉት።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ እናቷ ተነስታ ጠበቀቻት። «ጠረጴዛው ተሠራ?»

«ተሠራ እማ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እግሩን ነው የሰበረው?»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም እታለም አልጋ ዙሪያ ነበሩ። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የፈተናው ውጤት የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ዛሬ መቀመጥ አልቻለም። ስልኩ አልጋው ላይ ተንጋልሎ፣ ከጀርባው ያለውን የድምፅ ማውጫ ፍራሹ ላይ ደፍቶ ሲጠራ ማንም አላነሳውም። በመጨረሻ እታለም በአንድ ጣቷ ነካችው።

ከፍራሹ ውስጥ የባለመርፌዋ ድምፅ ተድበስብሶ ወጣ። «...ከአራቱ... ጠዋት አየኋቸው...» የቀረው አልተሰማም።

«እታለም፣» አለች ንዝንዝ፣ «ወደ ፊትሽ አድርጊው!»

እታለም ስልኩን አንስታ ወደ ፊቷ አደረገችው፤ አፍንጫዋ ወዳለበት። አንድ ጊዜ እንኳን «ወዴት?» ብላ አልጠየቀችም። ንዝንዝ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ለጋሼ ብሎን ደውላ ይህን መንገር አለባት፤ እስከ ጡረታው እንደሚያነሳባት እያወቀች።

«ሦስቱ ይዘዋል» አለ ስልኩ፣ አሁን ጥርት ብሎ።

ስልኩን የያዘው የእታለም እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከክርኗ ተነስቶ እስከ ጣቶቿ፣ በሁሉም አቅጣጫ። ንዝንዝ አጠገቧ ተቀምጣ አየችው እንጂ ልትይዘው አልሞከረችም።

«ሦስት ምን?» አለች እናታቸው። «ንገሩኝ እንጂ፣ ሦስት ጠረጴዛ?»